ጳጉሜን 4 ቀን የተያዘችው የእሳት እራት

ደባርቅ ውስጥ ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ ወይም በሥራ መሀል ድርግም ሲል የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ፎርማት ይደረግ። ካልሆነ ጎንደር ይላክ። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚኒባስ ይሄድና ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ባዶውን ይመለሳል። ፍጥነቱ ሸጋ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ ግን የለም፤ የተማሪዎች ማርክ የለም፤ የእህት ሰርግ ፎቶ የለም። እኔ በሰፈሬ ኮምፒውተር ይነካካል የሚል ስም ስለወጣልኝ፣ የታመመ ላፕቶፕ የታቀፈ ሰው ከደባርቅም ከዳባትም ወደ ቤቴ ጎራ ይላል። ፎርማት የምትለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር አንዲት ሴት ትዝ ትለኛለች። ሕይወቷን ላጫውታችሁ፤ መሀል መሀል ላይ ላፕቶፓችሁንም እንነካካለን።

ግሬስ ሆፐር ትባላለች። የተወለደችው ኒውዮርክ ከተማ ነው። ቀኑ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 9፣ 1906 ሲሆን በእኛ ኅዳር 30 ቀን 1899 ዓ.ም. ነው፤ እዚህ አገር ዙፋኑ ላይ ገና ዐፄ ምኒልክ ነበሩ። ሰባት ዓመቷ ላይ፣ ቤተሰቡ የእረፍት ጊዜውን በሚያሳልፍበት ቤት፣ አንድ የደወል ሰዓት ፈታች። ውስጡ ምን እንዳለ ለማየት ነው። መልሳ መግጠም ሲያቅታት ሌላኛውን ፈታች፤ ከዚያም ሌላውን። እናቷ ስትደርስ ሰባት ሰዓት ተበታትኗል። ውሳኔው ምን ሆነ መሰላችሁ? ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ብቻ እንድትፈታ ተፈቀደላት። እኛ ሰፈር የአባቱን ሬዲዮ የፈታ ልጅ ምን እንደሚጠብቀው ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ አልናገርም።

ሒሳብ ተማረች። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት የፈረንጆቹ ናቸው። በ1934 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪዋን ይዛ፣ ቀድሞ በተማረችበት በቫሳር ኮሌጅ ታስተምር ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካን ሲነካ ባሕር ኃይል ልግባ አለች። ዕድሜዋ ገፍቷል ተባለች። ክብደቷም ከሚፈለገው 7 ኪሎ ያህል ይጎድላል። በልዩ ፈቃድ 1943 መጨረሻ ላይ ገባች፤ በ1944 አጋማሽ ደግሞ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ላከቻት። እዚያ የጠበቃት ማርክ አንድ የሚባል ማሽን ነው።

ማርክ አንድ 15 ሜትር ያህል ይረዝማል። ገብስ ጭነው ደባርቅ ገበያ የሚገቡ ሁለት አይሱዙዎች ተከታትለው ሲቆሙ አስቡ። ይህ ሁሉ ብረት በሰከንድ ሦስት የመደመር ሥራ ብቻ ነበር የሚሠራው። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ በሰከንድ ቢሊዮኖችን ይሠራል፤ ያም ሆኖ ቀርፋፋ ነው ብለን እንሳደባለን። ሆፐር ማሽኑን ከሚያዙት ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዷ ሆነች፤ ከ500 ገጽ በላይ የሆነውን መመሪያውንም አዘጋጀች።

አሁን ወደ ነፍሳቷ። ማርክ ሁለት የተባለው ቀጣዩ ማሽን በሙከራ ላይ ሳለ ሥራ አልሄድ አለው። ቀኑ ሴፕቴምበር 9፣ 1947 ነው፤ ቆጥሬ አየሁት፣ በእኛ ጳጉሜን 4 ቀን 1939 ዓ.ም. ላይ ይውላል። ማሽኑ ውስጥ ሬሌይ የሚባሉ፣ በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚከፈቱና የሚዘጉ ብዙ ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉ። ሠራተኞቹ እየከፈቱ ሲያዩ፣ ፓነል ኤፍ ላይ ባለው 70ኛው ሬሌይ ውስጥ አንዲት የእሳት እራት ተጣብቃ ሞታ አገኙ። ያቺው ኩራዝ ስናበራ የምትዞረን። አወጧት፤ በፕላስተር ሥራ መዝገባቸው ላይ ለጠፏት፤ ሰዓቱን ጻፉ፣ በእኛ አነጋገር ከቀኑ 9 ሰዓት ከ45። መዝገቡ ዛሬ ስሚዝሶኒያን በሚባለው ተቋም፣ በአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። እራቷም አብራ አለች።

ይህን ታሪክ ቲክቶክ ላይ የሰማችሁ፣ ሆፐር ራሷ እንዳገኘቻትና ባግ የሚለው ቃል ያን ቀን እንደተወለደ ተነግሯችሁ ይሆናል። ሁለቱም ልክ አይደለም። ያገኟት የማሽኑ ሠራተኞች ናቸው። ቃሉም በኤዲሰን ዘመን መሐንዲሶች ለማሽን ብልሽት ይጠቀሙበት ነበር። ሆፐር ታሪኩን ደጋግማና አሳምራ ስለምታወራው በእሷ ስም ቀረ።

እኔን ከእራቷ ይልቅ የሚገርመኝ መዝገቡ ነው። ፓነሉ፣ የሬሌዩ ቁጥር፣ ሰዓቱ ሁሉ ተጽፏል። ማሽኑን በሙሉ አፍርሰው እንደ አዲስ አልገጠሙትም፤ ብልሽቱ ያለበትን ቦታ ፈለጉ። የእናንተም ላፕቶፕ እንዲህ ያለ መዝገብ አለው፤ ከፍቶ የሚያየው ጠፍቶ ነው እንጂ። ዊንዶውስ ከሆነ መፈለጊያው ላይ በእንግሊዝኛ ሪላያቢሊቲ ብላችሁ ጻፉና ሪላያቢሊቲ ሂስትሪ የሚለውን ክፈቱ። በየቀኑ የሆነው ተደርድሯል፤ ቀይ ምልክት ያለበት ቀን አንድ ነገር የተበላሸበት ነው። ስትነኩት የቱ ፕሮግራም እንደወደቀ ይነግራችኋል።

አንድ የዳባት መምህር ላፕቶፑ ማታ ማታ ድንገት እየጠፋ አስቸግሮት መጣ። ፎርማት አድርግልኝ ነው ያለኝ። መዝገቡን ስናይ መዘጋቱ ሁሌም ማታ ነው፤ ቀን ትምህርት ቤት ሲጠቀምበት አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም። ማታ የት ነው የምትሠራው ብዬ ጠየቅሁት። አልጋ ላይ፣ ጋቢ ለብሶ፣ ላፕቶፑን ጋቢው ላይ አስቀምጦ። የእኛን አገር ብርድ የሚያውቅ አይፈርድበትም! ግን ጋቢው ከሥር ያለውን አየር ማስገቢያ ይደፍነዋል፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ማሽኑ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። ደባርቅ ደግሞ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ቢቀዘቅዝም ስስ ነው፤ ፋኑ የሚያንቀሳቅሰው አየር ቆላ ካለው ያንሳል። አቧራውን በብሩሽ ጠረግንለት፤ ከሥሩ ጣውላ አደረገ። ፈተና እያወጣ ነው እስካሁን።

ሆፐር በ1949 ከሃርቫርድ ወጣች፤ ለእሷ የሚሆን ቋሚ ቦታ አልነበረም። ትዳሯ ፈርሷል፤ መጠጥም አብዝታ ነበር። ስለ ታላላቅ ሰዎች ሲጻፍ ይቺ ትዘለላለች፤ እኔ መዝለል አልፈለግሁም። ፊላዴልፊያ ሄዳ ዩኒቫክ የተባለውን ኮምፒውተር ከሚሠሩት ጋር ተቀላቀለች። እዚያ ያያት ችግር የቆየ ነበር፦ ፕሮግራም ጻፊዎች አንዱ ከሌላው ደብተር ቁጥር በእጅ ሲገለብጡ ይሳሳታሉ። ታዲያ መገልበጡን ለምን ራሱ ማሽኑ አይሠራውም? በ1952 ኤ ዜሮ የተባለውን፣ ከመጀመሪያዎቹ ኮምፓይለሮች አንዱን አደረሰች። ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ትእዛዝ ማሽኑ ወደሚሠራበት ቁጥር የሚለውጥ ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተር ይህን አይችልም ብለው ብዙዎች አላመኗትም።

እሷ ግን ትእዛዙ በተራ ቃላት ይጻፍ አለች። በእንግሊዝኛ ሠርታ አሳየች፤ እንደሚቻል ለማስረዳት በፈረንሳይኛና በጀርመንኛም ደገመችው። አለቆቿ ደነገጡ፤ አሜሪካ የተሠራ ማሽን እንዴት የሌላ አገር ቋንቋ ይረዳል ብለው። ማሽኑ ግን ቋንቋ አይለይም፤ ምልክት ነው የሚያየው። በአማርኛም ይሆን ነበር። ከዚህ ሥራዋ ብዙ ነገር በ1959 ወደተጀመረው ኮቦል ወደሚባለው ቋንቋ ገባ፤ ዛሬም ኮቦል የሚያንቀሳቅሳቸው ባንኮች በዓለም ላይ አሉ።

ቢሮዋ ውስጥ ወደ ኋላ የሚዞር ሰዓት ሰቅላ ነበር። ድሮም እንዲህ ነው የምንሠራው የሚል ሰው ሲመጣባት ሰዓቱን ታሳየዋለች። (ቀኑን ከንጋት የምንቆጥረው እኛ ብንገባ ብዙም ባልገረመን።) ንግግር ስታደርግ ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ሽቦ ታድላለች፤ ብርሃን በሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ውስጥ የሚሄደው ያንን ያህል ነው። ጄኔራሎች የሳተላይት መልእክት ለምን ዘገየ ሲሏት ሽቦውን አሳይታ፣ እስከ ሳተላይቱ ድረስ እንዲህ ያለ ብዙ ሽቦ እንዳለ ታስረዳቸዋለች።

በእሷ ስሌት ከደባርቅ ጎንደር ብርሃን የሰከንድ አንድ ሺህኛ እንኳ አይፈጅበትም። ስለዚህ ፋይል ለመክፈት አንድ ደቂቃ የሚወስድ ላፕቶፕ አንድ ቦታ ላይ አንድ ነገር እየጠበቀ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ሲፒዩ፣ ሜሞሪና ዲስክ ከሚሉት የቱ ነው መቶ በመቶ የደረሰው? ዲስኩ ከሆነና ላፕቶፑ አሮጌ ከሆነ፣ በተለይ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው፣ ሌላውን ሁሉ ተዉና መጀመሪያ ፋይላችሁን ገልብጡ። ሜሞሪው ከሆነ ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች ስታርታፕ ከሚለው ቦታ አጥፉ። ሲ ድራይቭ ጢም ብሎ ከሆነ ፊልሞቹን አውጡ፤ ስልክም ሲሞላ እንዲሁ ይጎተታል። አንድ ብዙዎች የማያውቋት ነገር አለች፦ አዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ሻት ዳውን ስትሏቸው ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይዘጉም፤ ለመነሣት እንዲፈጥኑ የተወሰነውን ያስቀምጡታል። ከነችግሩ ማለት ነው። ሪስታርት ግን እንደ አዲስ ያስነሣዋል።

ባሕር ኃይሉ በ1966 ጡረታ አወጣት፤ በዓመቱ ለስድስት ወር ተመለሺልን አላት። 19 ዓመት ቆየች። በ1986 በሪር አድሚራል ማዕረግ ስትሰናበት 79 ዓመቷ ነበር። ከዚያም ዝም ብላ አልተቀመጠችም፤ ዲጂታል የተባለ የኮምፒውተር ኩባንያ ቀጠራትና ማስተማሯን ቀጠለች። ታኅሣሥ 22 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ የ1992 አዲስ ዓመት ቀን፣ በ85 ዓመቷ አረፈች። አርሊንግተን በሚገኘው የወታደሮች መካነ መቃብር ተቀበረች። ከአምስት ዓመት በኋላ ባሕር ኃይሉ አንድ የጦር መርከብ በስሟ ሥራ አስጀመረ።