አባ ማሪን መርሴን፦ የሊቃውንት መገናኛ የነበሩ መነኩሴ



ብዙ ሊቃውንት የሚታወሱት ራሳቸው በደረሱበት ግኝት ነው። በዚህ እትም ሕይወታቸውን ባጭሩ የምናቀርብላችሁ አባ ማሪን መርሴን ግን ከሁሉ በላይ የሚታወሱት የሌሎችን ዕውቀት ከአንዱ ወደ ሌላው በማድረሳቸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

አባ መርሴን በ1588 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር፣ በሜን አውራጃ፣ ከድኻ ቤተሰብ ተወለዱ። ኢየሱሳውያን መምህራን በሚመሩት በላፍሌሽ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በፓሪስ ትምህርተ መለኮትን ካጠኑ በኋላ፣ በ1611 ወደ ሚኒም ማኅበር ገቡ። በቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘፓውላ የተመሠረተው ይህ ማኅበር፣ ከሦስቱ የምንኵስና ስእለቶች በተጨማሪ፣ ሥጋ፣ እንቁላልና የወተት ምግብ ዕድሜ ልክ ላለመቅመስ የሚሳሉበት ነው። አባ መርሴን ማዕረገ ክህነት ተቀብለው፣ በኔቬር ከተማ ጥቂት ዓመታት ካስተማሩ በኋላ፣ በ1619 ወደ ፓሪስ ተመለሱ። ከአንዳንድ ጉዞ በቀር እስከ ዕለተ ሞታቸው የኖሩት በዚያው ከተማ በሚገኘው ገዳማቸው ነው።

በዚያ ዘመን የሳይንስ መጽሔት ገና አልነበረም። ሊቃውንትም ያገኙትን የሚደብቁበት ምክንያት ነበራቸው። ለምሳሌ የሒሳብ ሊቁ ሮበርቫል የማስተማሪያ ወንበራቸው በየሦስት ዓመቱ ለውድድር ይቀርብ ስለ ነበር፣ ተወዳዳሪን የሚረቱበትን ዘዴ ሳያሳትሙ ይይዙት ነበር። ሌላው ያንኑ በራሱ መንገድ አግኝቶ ሲያሳትም ግን የቀዳሚነቱ ክብር ያመልጣቸዋል፤ ጠብም ይነሣል።

አባ መርሴን የተነሡት ይህን አጥር ለማፍረስ ነው። ከሆላንድ የዴካርት፣ ከቱሉዝ የፌርማ፣ ከኢጣልያ የቶሪቼሊ ደብዳቤ ወደ ገዳሙ ይመጣል። እርሳቸውም ያነቡታል፤ ገልብጠው ለሚመለከተው ይልኩታል፤ መልስ ያጡለትን ጥያቄ ለሌላው ያቀርቡታል። በ1635 ደግሞ በፓሪስ የሒሳብ ሊቃውንትን በአንድነት ማሰባሰብ ጀመሩ። ዴካርት ስለ ፍልስፍና መሠረት የጻፉትን መጽሐፍ በ1641 ከማሳተማቸው በፊት፣ ረቂቁን ለሆብስ፣ ለአርኖና ለጋሰንዲ አድርሰው ተቃውሟቸውን የሰበሰቡት አባ መርሴን ናቸው። ተቃውሞውም ከነመልሱ በዚያው መጽሐፍ ታተመ።

በ1633 ጋሊልዮ በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ተፈረደባቸው። አባ መርሴን ስለ ምድር መዞር ጉዳይ ጥንቃቄ ቢያደርጉም፣ በማግሥቱ ዓመት የጋሊልዮን የመካኒክስ ትምህርት በፈረንሳይኛ አሳተሙ። ለአንድ መነኩሴ ይህ ቀላል እርምጃ አልነበረም።

ጉድለታቸውንም መሸሸግ አይገባንም። በ1623 ባሳተሙት መጽሐፍ በፓሪስ ብቻ 50,000 ከሃድያን አሉ ብለው ነበር፤ ቁጥሩ ሊታመን የማይችል ነው። ከእጅ ወደ እጅ ያሳለፉት ደብዳቤም በዴካርትና በፌርማ መካከል መራራ ክርክር አስነሥቷል። በ1644 ደግሞ ብቸኛ ቁጥሮችን፣ ማለት ከ1ና ከራሳቸው በቀር ለሌላ ያለ ቀሪ የማይካፈሉትን፣ በሚመለከት አንድ ዝርዝር አወጡ። ሁለትን በራሱ ደጋግመን አባዝተን 1 ስንቀንስ ብቸኛ ቁጥር የሚገኘው፣ እስከ 257 ባለው ወሰን ውስጥ፣ በየትኞቹ ላይ እንደ ሆነ የሚያመለክት ነበር። ሆኖም 67ንና 257ን በስሕተት አስገቡ፤ 61ን፣ 89ንና 107ን ደግሞ ዘለሉ። ዝርዝሩ ተጣርቶ ያለቀው በ1947፣ ከ303 ዓመት በኋላ ነው። ስሕተታቸው ሊታረም የቻለው በይፋ ስላሳተሙት ነው፤ ቁጥሮቹም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራሉ።

ወደ ኢጣልያ በሄዱበት ጊዜ ቶሪቼሊ በ1644 ስላስደረጉት የሜርኩሪ ሙከራ ተረዱ። ፓሪስ ተመልሰው ቢሞክሩት የሚስማማ የብርጭቆ ቱቦ አጥተው አልሆነላቸውም። ነገሩን ግን ለሌሎች ነገሩ፤ በ1646 ፔቲና ፓስካል በሩዋን ከተማ ፈጸሙት። መስከረም 19 ቀን 1648 የፓስካል እኅት ባል ሙከራውን በፒዊ ደ ዶም ተራራ ላይ ሲያደርጉ፣ ሜርኩሪው ከሸለቆው ይልቅ በተራራው ዝቅ ብሎ ታየ፤ አየር ክብደት እንዳለውም ተረጋገጠ። አባ መርሴን ይህን ሳያዩ ከ18 ቀን በፊት፣ መስከረም 1 ቀን፣ ዐርፈው ነበር። ሥጋቸውም ለሐኪሞች ምርመራ እንዲውል ተናዝዘው ነበር።

ከሞቱ ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ1665፣ የመጀመሪያዎቹ የሳይንስ መጽሔቶች በፓሪስና በለንደን ታተሙ። ደብዳቤዎቻቸውም በ20ኛው ክፍለ ዘመን በ17 ቅጽ ተሰብስበው ወጡ። በ2002 በቡዳፔስት የተሰባሰቡ ምሁራን የምርምር ጽሑፍ ለሁሉም ያለ ክፍያ ይነበብ ዘንድ ጥሪ አቀረቡ። ከ1996 ጀምሮ በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች በየኮምፒውተራቸው የመርሴንን ቁጥሮች በኅብረት ሲፈልጉ ቆይተው፣ በ2024 ባለ 41,024,320 አኃዝ ብቸኛ ቁጥር አገኙ።

እንግዲህ ከእኒህ መነኩሴ የምንማረው ግልጽ ነው። ዕውቀትን የሚያካፍል ሰው ክርክር ይገጥመዋል፤ ስሕተቱም ይገለጥበታል። የሚሸሽገው ግን ስሕተቱን የሚያርምለት፣ የጀመረውንም የሚፈጽምለት ያጣል። እኛም በየቁምስናችን የተማርነውን ስናስተምር፣ ሌላው ሲያርመን መስማትን ከእርሳቸው እንማር።