በጉም ውስጥ የተቀመጡት ተመልካች፦ ዶክተር ዊልያም ቢቢ በራንቾ ግራንዴ

የዊልያም ቢቢ ስም ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ባሕሩን ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ከኦቲስ ባርተን ጋር በብረት ሉል ውስጥ ተጠግተው በቤርሙዳ ባሕር 923 ሜትር ያህል ጠልቀዋልና። ለአራዊት ተመልካች ግን የሚበልጠው ትምህርት ከጥልቁ ሳይሆን በቬኔዙዌላ ተራራ ላይ ከነበረው ወንበራቸው የሚገኝ ይመስላል።

ቢቢ በ1877 በብሩክሊን ተወለዱ። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ዲግሪ ሳይዙ ትተው በ1899 በኒው ዮርክ የአራዊት ማሳያ ሥፍራ የአዕዋፍ ክፍል ሥራ ያዙ። በዚያ ዘመን የአዕዋፍ ሊቅ መሣሪያው ጠመንጃ ነበር፤ ወፉ ይገደላል፥ ቆዳው ይገፈፋል፥ በመሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ቢቢም የተማሩት ይህንኑ ነበር። ይሁን እንጂ ውሎ አድሮ፥ በተለይም በብሪቲሽ ጊያና ካርታቦ የአንድ ካሬ ማይል ሩብ የምታህል ጫካን ለይተው ሲያጠኑ፥ የሕያዉ እንስሳ አኗኗር ከቆዳው ይልቅ ያስጨንቃቸው ጀመር።

ራንቾ ግራንዴ የደረሱት በ1945፥ ዕድሜያቸው ወደ 68 ሲጠጋ ነው። ማደሪያቸው አምባገነኑ ሁዋን ቪሴንቴ ጎሜዝ ያስጀመረው ታላቅ ሆቴል ነበር፤ ጎሜዝ በ1935 ሲሞት ሠራተኞቹ ሥራውን ጥለው ስለ ሄዱ ሕንፃው ሳያልቅ ቀርቶ ጫካው ይወርሰው ይዞ ነበር። ሥፍራው ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ያህል ሲሆን፥ ከካሪቢያን ባሕር የሚወጣው ጉም ዛፎቹን ይሸፍናል፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሽበትና ሌላ ጥገኛ ተክል ተሸክሟል። በደኑ ከ500 የሚበልጡ የአዕዋፍ ዓይነቶች፥ የሚያገሱ ቀይ ጦጣዎች፥ ታፒርና ኦሴሎት ይኖራሉ። በአቅራቢያው ያለው ፖርታቹዌሎ የተባለው የተራራ በር ደግሞ የአዕዋፍና የነፍሳት መሸጋገሪያ ነው፤ ቢቢና ባልደረባቸው ጆስሊን ክሬን የሚያልፈውን እየቆጠሩ መዘገቡ።

ከዚያ አደጋ ደረሰ። ከመሰላል ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። በዚያ ዕድሜ ለሌላ ሰው ይህ የጉዞው ፍጻሜ በሆነ ነበር፤ እርሳቸው ግን በወንበር ተሸክመው ወደ ጫካው እንዲያወጧቸው አደረጉ። መንቀሳቀስ የማይችል ሰው አያስፈራም፤ ጥቂት ቆይቶ እንስሳቱ እንደ ጉቶ ቆጥረዋቸው ወደየጉዳያቸው ተመለሱ። የእግር ጉዞ ያልሰጣቸውን ስብራት ሰጣቸው። ስብራቱ በማይኖርበት ጊዜስ ስንቱ ተመራማሪ ይህን ያህል ዝም ብሎ ይቀመጣል? በራንቾ ግራንዴ አንድ ጥንድ የሌሊት ወፍ አዳኝ ጭልፊቶችንም በመነጽር ለረጅም ሰዓታት ተከታትለው፥ ወላጆቹ ለጫጩቶቻቸው የሚያመጡትን ወፍ፥ የሌሊት ወፍና ነፍሳት ሁሉ መዘገቡ። ጥናቱ በ1950 ታተመ።

በ1947 አልተመለሱም፤ ገንዘቡ አንሶ ነበር፥ የአገሩም ፖለቲካ አልረጋም። በ1948 ሄደው የጀመሩትን ጽሑፍ ቢፈጽሙም በኅዳር ወር የጦር ሹማምንት መንግሥቱን ገለበጡ። ያን ጊዜ ጓዛቸውን ወደ ትሪኒዳድ አዛወሩ። በአሪማ ሸለቆ ሲምላ የተባለውን ቤት ገዝተው የምርምር ጣቢያ አደረጉት፤ በዚያም በ1962 አረፉ።