እግር ከመቁረጥ በፊት ሽቦ የሞከረው ሐኪም

ስለ ልብ ስቴንት ያልሰማ ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። የተዘጋን የደም ቧንቧ ሳይቀዱ ከውስጥ የመክፈት ሕክምና በልብ ሳይሆን በእግር እንደተጀመረ የሚያውቅ ግን ብዙ አይደለም። ጀማሪው ቻርልስ ዶተር ይባላል።

እኔ የምኖረው ለገዳዲ ነው። አዲስ አበባን ከሚያጠጡት ግድቦች አንዱ እዚሁ ስለሆነ፣ ቧንቧ ሲደፈን ታች ያለው ሰፈር ምን እንደሚገጥመው ማስረዳት አይቸግረኝም። እግርም እንደዚያው ነው። ደም ቅዳ ቧንቧዎች በስብና በካልሲየም ሲጠቡ መጀመሪያ ሲራመዱ ባት ይይዛል፣ ሲቆሙ ይለቃል። ሲብስ ተኝተውም ሕመሙ እንቅልፍ ይነሳል፣ ቁስል አልድን ይላል፣ ጣት ይጠቁራል። ያን ጊዜ እግሩ ሊታጣ ነው ማለት ነው።

ዶተር እ.ኤ.አ. በ1920 አሜሪካ፣ ቦስተን ተወለደ። ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቆ ገና በ32 ዓመቱ የኦሪገን ሕክምና ትምህርት ቤት የራዲዮሎጂ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ተራራ መውጣት ነፍሱ ነው። ለሥራው የሚሆኑ ቀጫጭን ሽቦዎችን ከጊታር ክር ሳይቀር ይሠራ ነበር። እብዱ ቻርሊ ቢሉት ምን ይገርማል?

በዚያ ዘመን የራዲዮሎጂ ሐኪም ሥራ ፎቶ አንስቶ ለቀዶ ሐኪሙ ማስረከብ ነበር፤ በቃ። በ1963 ግን ዶተር ለምርመራ ያስገባው ቀጭን ቱቦ ሳያስበው የተደፈነ የዳሌ ደም ቅዳ አልፎ ከፈተው። ታዲያ ሆን ብለን ብናደርገውስ ብሎ አሰበ።

ዕድሉ የመጣው በጥር 16፣ 1964 ነው፤ በእኛ ጥር 7 ቀን 1956 ዓ.ም.። የ82 ዓመት አሮጊት ጣቶቻቸው ጠቁረው፣ እግራቸው ይቆረጥ ተብሎ፣ እሳቸው እምቢ ብለው ነበር። ዶተር በጭናቸው ደም ቅዳ መጀመሪያ ቀጭን ሽቦ፣ ቀጥሎ ወፈር ያሉ ቱቦዎችን አሳልፎ የጠበበውን ቦታ አሰፋው። የቀዘቀዘው እግር ሞቀ፣ ሕመሙ ጠፋ፣ ቁስሉም ዳነ። እሜቴ እስኪሞቱ ድረስ በሁለት እግራቸው ሄዱ።

የአገሩ ቀዶ ሐኪሞች ግን አላመኑትም። ዘዴውን ተቀብሎ ያስፋፋው አውሮፓ ነው። ዙሪክ የነበረው አንድሪያስ ግሩንትዚግ በ1974 በቱቦው ጫፍ ፊኛ ጨምሮ እግር ላይ ተጠቀመበት፣ በ1977 ወደ ልብ ወሰደው። ዶተር ለኖቤል ቢታጭም ሳያገኘው በ1985 አረፈ። ዛሬ ሽቦውም ፊኛውም ቀጥኖ፣ ከጉልበት በታች ባሉት ሦስት ቀጫጭን ደም ቅዳዎች ሳይቀር ይገባል። ስኳር አብዝቶ የሚያጠቃውም እነዚህኑ ነው።

እኔን ይህን ያስጻፈኝ ግን ኖቤሉ አይደለም። ሰፈራችን ውስጥ ስኳር ያለባቸው አንድ አባት አሉ። ጫማ የላጣቸው ቁስል ወራት ከረመና እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። የደም ቧንቧዎ ታይቶ ነበር ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ እንዲህ ያለ ምርመራ መኖሩንም አያውቁም።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም እግር አይተርፍም። ኢንፌክሽን ሲሰራጭ መቁረጥ ነፍስ ያድናል። ሕክምናውም በየሆስፒታሉ አይገኝም። ቢሆንም ጊዜ ካለ መጠየቅ ይቻላል፦ ወደ እግሩ ደም ይደርሳል? የተዘጋው ቧንቧ ሊከፈት ይችላል?

እናት ወይም አባታችሁ ስኳር ካለባቸው፣ ወይም ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ፣ ዛሬ ማታ ስልኩን አስቀምጡና እግራቸውን እዩላቸው። ከቀዘቀዘ፣ ቀለሙ ከተለወጠ፣ ቁስሉ ካልዳነ ነገ ሳትሉ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው። ያቺ ጥያቄ ከመጋዙ መቅደም አለባት።