ፊትን መልሶ የሠራ ሐኪም፦ ሰር ሃሮልድ ጊሊስ

የፊት ቁስል ከሌላው የአካል ጉዳት የሚለየው፣ ከሞት የተረፈውን ሰው ከሰው መካከል ሊያስወጣው መቻሉ ነው። ይህን ተረድተው ዕድሜያቸውን ለዚሁ ካዋሉት ሐኪሞች አንዱ ሰር ሃሮልድ ጊሊስ ነበሩ።

ጊሊስ በ1882 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኒው ዚላንድ፣ በደነዲን ከተማ ተወለዱ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በለንደን የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ሆኑ። በ1915 ወደ ፈረንሳይ ዘምተው ሳለ፣ ቫላዲዬ የተባለው የጥርስ ሐኪም የተሰባበረ መንጋጋ ሲጠግን፣ በፓሪስም ሞሬስተን የፊት ካንሰር ቆርጦ ያወጣበትን ቦታ በሕመምተኛው በራሱ ቆዳ ሲሸፍን ተመለከቱ። በ1916 በአልደርሾት ልዩ የሕክምና ክፍል ተሰጣቸው። የሶም ጦርነት በተጀመረ ጊዜ 200 ቁስለኞች ሲጠብቁ 2,000 ያህል መጡባቸው። ስለዚህ በ1917 በሲድከፕ ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚያገለግል ሆስፒታል ተከፈተ።

በዚያ ዘመን የተለመደው የቁስሉን ጠርዞች ስቦ ፈጥኖ መስፋት ነበር። ጊሊስ ግን የጎደለው ሥጋ ሳይተካ የተሰፋ ፊት ይጣመማልና፣ በመጀመሪያ የውስጡ ሽፋን፣ ቀጥሎ ደጋፊው አጥንት፣ በመጨረሻም ቆዳው በየተራ ይሠራ ሲሉ ተከራከሩ። በዚያው ዓመት፣ በዩትላንድ የባሕር ውጊያ ፊቱ የተቃጠለ መርከበኛ ሲያክሙ፣ ከደረቱ የተነሣው ቆዳ ጠርዞቹ ወደ ውስጥ መጠቅለላቸውን አስተውለው እንደ ቱቦ ሰፉት። ቱቦው ከሥሩ ስላልተለየ ደም ያገኛል፤ ጥሬው ሥጋም ስለተሸፈነ ከመመርቀዝ ይጠበቃል። ፔኒሲሊን ባልነበረበት ጊዜ ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ የኦዴሳው ፊላቶቭም በበኩሉ ይህንኑ ዘዴ ደርሶበት ስለነበር፣ ቀዳሚው ማነው የሚለው ጥያቄ ብዙ አከራከረ።

ዘዴው ብቻውን ግን አልበቃም። በአውሮፕላን አደጋ ፊቱ የነደደን አንድ ወጣት አብራሪ በአንድ ጊዜ ሰፊ ቆዳ አንሥተው ፊቱን ሁሉ ሸፈኑት፤ ቆዳው በሰበሰ፣ ወጣቱም በ1918 ሞተ። ከዚያ ወዲህ ጊሊስ ሥራን በደረጃ ከፋፍሎ ሰውነት እስኪያገግም መጠበቅን የሙያቸው ሕግ አደረጉት።

ከጦርነቱ በኋላ ለመልክ ማሳመር ብቻ የሚደረግ ቀዶ ጥገና ተገቢ ነውን የሚል ክርክር ተነሣ። ጊሊስ በዚህም ሳይሸማቀቁ ሠሩ፤ በ1930 የሰርነት ማዕረግ አገኙ፣ በ1960 ዐረፉ።

ዛሬ የደም ሥሮችን በማይክሮስኮፕ እያዩ ማገናኘት በመቻሉ ቱቦው ቦታውን ለቋል። የደም መተላለፊያውን ሳያረጋግጡ አለመቁረጥ፣ ጊዜ የሚፈልገውንም ሥራ አለማጣደፍ ግን እንደጸና ነው።