መኪና ያልጣለው ሻምፒዮን

ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በአርጀንቲና 3ለ1 ተረትታ አንገቷን ደፍታ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ቀና ያደረጋት የአምስተርዳሙ ልጅ ኼሪ ክኔተማን ነው። ኑርበርግሪንግ ላይ ጣሊያናዊውን ፍራንቼስኮ ሞዜርን በመጨረሻው ሩጫ ቀድሞ የዓለም የብስክሌት ሻምፒዮን ሆነ። በቱር ደ ፍራንስም የ10 ቀን ውድድሮችን አሸንፏል።

በ1983 ቤልጂየም ውስጥ እየተወዳደረ ከመኪና ጋር ተጋጭቶ ክፉኛ ተጎዳ። አበቃለት ሲባል በ1985 ተመልሶ አምስቴል ጎልድ ሬስን ለሁለተኛ ጊዜ በላ።

ውድድር ካቆመ በኋላ የሆላንድን ብሔራዊ ቡድን አሰልጥኗል። ብስክሌቱን ግን አልተወም። ኖቬምበር 2 ቀን 2004 ከጓደኞቹ ጋር ለመዝናናት ሲጋልብ ልቡ ቀጥ አለችና በ53 ዓመቱ አረፈ። መኪና ያልጣለውን ሰው ዋንጫም ሽልማትም የሌለበት ሽርሽር ወሰደው።