ላዛሮ ስፓላንዛኒና የሌሊት ወፍ ምሥጢር

የሌሊት ወፍ በአባቶቻችን ተረት ከወፍም ከአይጥም ወገን ሳትሆን በሁለቱ መካከል የምትዋልል፣ ግብር በተጠየቀች ጊዜ አንዴ ክንፏን አንዴ ጥርሷን እያሳየች የምታመልጥ ብልጥ ፍጡር ናት። ከአጥቢ እንስሳት ወገን መሆኗ ከታወቀ በኋላ እንኳ የተፈጥሮ ተመራማሪዎችን ያስጨነቀ ሌላ ጥያቄ ነበር። ይኸውም በድቅድቅ ጨለማ ከግድግዳና ከቅርንጫፍ ሳትጋጭ የምትበረው፣ ትንኝና የእሳት ራትንም በአየር ላይ ቀልባ የምትመገበው በምን እየተመራች ነው? የሚል ነው። ወደ መልሱ የሚያደርሰውን መንገድ በሙከራ የጠረገው ኢጣሊያዊው ቄስና የተፈጥሮ ሳይንስ ሊቅ ላዛሮ ስፓላንዛኒ ነው። የዚህ ሰው ሕይወት፣ በሙከራ የተረጋገጠ እውነት ማብራሪያ ስለጎደለው ብቻ ምን ያህል ዘመን ተንቆ ሊኖር እንደሚችል ያስረዳል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስፓላንዛኒ በ1729 በሰሜን ኢጣሊያ በምትገኘው በስካንዲያኖ ከተማ ተወለደ። አባቱ የሕግ ሰው ስለነበር ልጁም የእርሱን ፈለግ ይከተል ዘንድ በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ሕግ እንዲማር ተደረገ። ይሁን እንጂ የዩኒቨርሲቲ ደጅ ለሴቶች ተዘግቶ በነበረበት በዚያ ዘመን በቦሎኛ ፊዚክስን ታስተምር የነበረችው ዘመዱ ላውራ ባሲ ወደ ተፈጥሮ ምርምር ሳበችው፤ እርሱም ሕጉን ትቶ ሳይንስን ያዘ። ከዚያም ክህነት ተቀበለ፤ በሬጆና በሞዴና ካስተማረ በኋላም በ1769 በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ መምህር ሆኖ ተሾመ። እስከ ዕለተ ሞቱም ከዚያ ወንበር አልተለየም።

ስፓላንዛኒ የሰማውን ሁሉ በእጁ ካልፈተነ የማያምን ሰው ነበር። ጥቃቅን ነፍሳት ሕይወት ከሌለው ነገር በራሳቸው ይፈጠራሉ የሚለው እምነት በሊቃውንት ዘንድ ሳይቀር ጸንቶ ሳለ፣ በሚገባ የፈላና አየር እንዳይገባበት የታሸገ መረቅ ምንም ነፍስ እንደማያበቅል በ1765 ባሳተመው ጽሑፍ አሳየ። የምግብን መፈጨት ለማወቅም በጨርቅ ከረጢት የተቋጠረ ምግብ ራሱ እየዋጠ መርምሯል።

የሌሊት ወፍን ጉዳይ የያዘው በ1793፣ ዕድሜው 64 ዓመት በደረሰ ጊዜ ነው። በቤቱ ያስቀመጣት ጉጉት በደብዛዛ ብርሃን ያለ ችግር ስትበር፣ ሻማው ሲጠፋ ግን ከግድግዳ ጋር ስትላተም ተመለከተ። የሌሊት ወፎቹ ግን ሻማው ቢጠፋም እንደ ወትሮው ይበሩ ነበር። ዐይናቸውን በጥቁር ጭምብል ቢሸፍነው በረራቸው ተሰናከለ፤ ስለዚህ ነገሩ የዐይን ሥራ መሰለ። ነገር ግን ብርሃን በሚያሳልፍ ጭምብል ሲሸፍናቸውም ስለተሰናከሉ በዚህ አልረካም። በመጨረሻ ዐይናቸውን አጠፋ። ዕውር የሆኑት የሌሊት ወፎች ዐይናማ ከሆኑት ባላነሰ ሁኔታ በረሩ! የምርምሩን ዋጋ የከፈሉት እነዚያ እንስሳት ነበሩ፤ ዛሬ የሙያችን ሥነ ምግባር እንዲህ ያለውን አሠራር አይፈቅድም።

መብረር ብቻውን ግን ጥያቄውን አይፈታውም፤ ግድግዳ አንድ ቦታ የቆመ ሲሆን ትንኝ ግን ትሸሻለች። ስፓላንዛኒ ይህንንም ለማወቅ በፓቪያ ካቴድራል የደወል ማማ ይኖሩ ከነበሩት የሌሊት ወፎች አያሌዎቹን ይዞ ዐይናቸውን ካጠፋ በኋላ ለቀቃቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ማማው ወጥቶ ጥቂቶቹን እንደገና ያዘና ሆዳቸውን መረመረ። የዕውሮቹ ሆድ እንደ ዐይናሞቹ ሁሉ በነፍሳት ተሞልቶ ተገኘ። እንግዲህ የሌሊት ወፍ ያለ ዐይኗ ከመብረርም አልፋ ታድናለች ማለት ነው።

ዐይን ካልሆነ የትኛው ሕዋስ ነው? ሰውነታቸውን በቫርኒሽ ቀብቶ የመዳሰስን ሕዋስ ፈተነ፤ ማሽተትንና መቅመስንም በየተራ መረመረ፤ አንዱም መልስ አልሆነም። በመሆኑም ከአምስቱ ሕዋሳት ውጭ የሆነ፣ ሰው የማያውቀው ሌላ ሕዋስ ይኖራቸው ይሆናል ወደሚል ግምት አዘነበለ። ሥራውን ሳይደብቅ ለባልደረቦቹ ጽፎ እነርሱም እንዲሞክሩት ጠየቀ። የጄኔቫው ሐኪም ሉዊ ዡሪን ጥሪውን ሰምቶ በ1794 የሌሊት ወፎችን ጆሮ በሰም ቢደፍን፣ ወፎቹ ካገኙት ነገር ሁሉ ጋር ይጋጩ ጀመር። ስፓላንዛኒ መጀመሪያ ተጠራጠረ። ነገር ግን የሌላውን ሰው ሙከራ በክርክር ሊያፈርስ አልተነሣም፤ ራሱ ደገመው። ከናስ የተሠሩ ትናንሽ ቱቦዎችን በጆሯቸው ውስጥ ቢያስገባ፣ ቱቦው ክፍት ሲሆን በሚገባ በረሩ፤ ሲደፈን ግን ተሰናከሉ። ያን ጊዜ የራሱን ግምት ትቶ የዡሪንን ውጤት ተቀበለ።

ይሁን እንጂ ጆሮ የሚያስፈልገው ድምፅ ሲኖር ነው፤ የሌሊት ወፍ በረራ ደግሞ ለሰው ጆሮ ጸጥታ ነው። ስፓላንዛኒ ይህን ሳይፈታ፣ አብዛኛው ማስታወሻውም ሳይታተም በ1799 በፓቪያ ዐረፈ። ታላቁ ፈረንሳዊ ሊቅ ኩቪዬ ቀደም ሲል በ1795፣ ራሱ ሙከራ ሳያደርግ፣ ነገሩን የመዳሰስ ሕዋስ ሥራ ነው ብሎ ነበር። የስሙ ክብደት ከሙከራው በለጠና የፓቪያና የጄኔቫ ሥራ የመሣለቂያ ርእስ ሆነ።

ጉዳዩ እንደገና የተነሣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1920 እንግሊዛዊው ሐርትሪጅ የሌሊት ወፍ የሰው ጆሮ በማይደርስበት ቀጭን ድምፅ ሳትመራ እንደማትቀር ገመተ። በ1938 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ዶናልድ ግሪፊን የሌሊት ወፎቹን የፊዚክስ መምህሩ ፒርስ ወደ ሠራው መሣሪያ ቢያቀርብ፣ ዝም ያሉ የመሰሉት ፍጥረታት ያለማቋረጥ ይጮኹ እንደነበር ታወቀ። ግሪፊንና ጋላምቦስ ከዚያ በኋላ አፍን መዝጋትም እንደ ጆሮ መድፈን እንደሚያሰናክላቸው አሳዩ፤ ለዚህ ችሎታም ግሪፊን በ1944 ኤኮሎኬሽን የሚል ስም አወጣለት።

አሠራሩ የገደል ማሚቶ ነው። የሰው ጆሮ ቢበዛ በሴኮንድ እስከ 20,000 የሚደርስ ንዝረት ይሰማል፤ የአብዛኞቹ ነፍሳት በል የሌሊት ወፎች ጩኸት ግን ከዚያ በላይ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ አንድ ሜትር ርቃ ካለች ትንኝ የተመለሰው ማሚቶ በሴኮንድ ሺኛ 6 ገደማ ውስጥ ይደርሳል። የሌሊት ወፏም ከዚህች ቅጽበት ርቀቱን፣ በሁለቱ ጆሮዎቿ መካከል ካለው ልዩነት አቅጣጫውን ታውቃለች። በፍለጋ ላይ ሳለች በሴኮንድ 10 ጊዜ ያህል ትጮኻለች፤ ነፍሳቷን ካገኘች በኋላ ጩኸቱ እየተፋጠነ ሄዶ በመጨረሻዋ ቅጽበት በሴኮንድ ከ150 በላይ ይሆናል። ከዚያም በክንፏ ወይም በጭራዋ ዙሪያ በተዘረጋው ስስ ቆዳ ታፍሳትና ወደ አፏ ታደርሳታለች። አንዳንድ የእሳት ራቶች በበኩላቸው ጩኸቱን ሰምተው ወደ መሬት በመውደቅ ያመልጣሉ። ፍሬ በል ከሆኑት ትላልቆቹ የሌሊት ወፎች ግን አብዛኞቹ የሚመሩት በዐይናቸውና በአፍንጫቸው ነው።

በደወሉ ማማ የተያዙት የዕውሮቹ ወፎች ሆድ ለምን ሙሉ እንደነበረ ዛሬ እናውቃለን። ስፓላንዛኒ ይህን አላወቀም፤ የሚሰማበት መሣሪያም በዘመኑ አልነበረም። ያልደረሰበትን በባዶ ቃል አለመሸፈኑና የባልደረባው ሙከራ የራሱን ግምት ሲያፈርስ እጁን መስጠቱ ግን ከግኝቱ የማያንስ ውርስ ነው። ለሙያ ጓዶቻችን፣ በተለይም ለወጣቶቹ፣ ይህ ውርስ ሊታሰብ ይገባዋል።