የድሆች እናቶች ጠበቃ ማርጋሬት ሳንገር

ሕግ የሆነ ሁሉ ፍትሕ አይደለም። ይህን በፍርድ አደባባይ ቆመው ካሳዩት ሴቶች አንዷ አሜሪካዊቷ ወይዘሮ ማርጋሬት ሳንገር ናቸው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ወይዘሮ ማርጋሬት በ1879 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ በኮርኒንግ ከተማ፣ ከአየርላንድ ከመጡ ወላጆች ተወለዱ። እናታቸው 18 ጊዜ አርግዘው 11 ልጆች ከወለዱ በኋላ በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። ማርጋሬትም እናታቸውን አስታመው ከቀበሩ በኋላ የነርስነት ትምህርት ገቡ።

ከዚያም በኒው ዮርክ ከተማ በስደተኞች ሠፈር እየዞሩ ሕሙማንን ያስታምሙ ጀመር። በዚያም ሌላ ልጅ ለማሳደግ አቅም ያጡ እናቶች በሥውር ጽንስ ሲያስወርዱ ሕይወታቸው ያልፍ ነበር። ባለጸጎቹ የእርግዝና መከላከያውን ዘዴ ከግል ሐኪሞቻቸው ያገኙታል፤ በ1873 የወጣው የኮምስቶክ ሕግ ግን ይህን ዕውቀት እንደ ብልግና ቈጥሮ በፖስታ እንዳይላክ ከልክሎ ነበር።

ወይዘሮ ማርጋሬት በ1914 ዓመፀኛዪቱ ሴት የተባለ ጋዜጣ ስላሳተሙ ተከሰሱ፤ ወደ እንግሊዝ አገርም ሸሹ። ከተመለሱ በኋላ ክሱ ተሰረዘ። በኦክቶበር 16 ቀን 1916 ከእኅታቸው ከኤተል በርንና ከፋንያ ሚንዴል ጋር በብሩክሊን፣ በብራውንስቪል ሠፈር፣ በአገሩ የመጀመሪያ የሆነውን የወሊድ መቈጣጠሪያ ክሊኒክ ከፈቱ። በእንግሊዝኛ፣ በይዲሽና በጣሊያንኛ የታተመ ወረቀት በየደጁ አደሉ። እናቶችም ሕፃናቸውን በጋሪ እየገፉ በበሩ ተሰለፉ። ብዙ ቀን ሳይቈይ ፖሊስ ዘጋው። ኤተል በእስር ቤት ምግብ አልበላም ብለው ለሞት ቀረቡ። ዳኞቹ ወይዘሮ ማርጋሬትን፣ ሕጉን ዳግመኛ እንዳይጥሱ ቃል ቢገቡ ሊምሯቸው ፈቅደው ነበር፤ እርሳቸው ግን እምቢ ብለው 30 ቀን ታሰሩ።

እስራቱ ከንቱ አልቀረም። በ1918 የይግባኝ ፍርድ ቤት ሐኪሞች ለጤና ሲባል መከላከያ እንዲያዙ በር ከፈተ። በ1952 በቦምቤይ ዓለም አቀፍ የቤተ ሰብ ምጣኔ ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዷ ሆኑ። በ1960 የተፈቀደውም ኪኒን እንዲፈለሰፍ ደክመዋል። በ1966 ዓ.ም. ዐረፉ።

የሰው ታሪክ ግን ውዳሴ ብቻ ሊሆን አይገባውም። ወይዘሮ ማርጋሬት የሰውን ዘር እንደ ከብት መርጦ ማራባት ይገባል ከሚሉት ጋር ተባብረው፣ አእምሯቸው ደካማ ነው የተባሉ ሰዎች እንዲመክኑ ደግፈዋል። ስለዚህ በ2020 በኒው ዮርክ ስማቸው ከአንድ ክሊኒክ ላይ እንዲነሣ ተወሰነ። ጽንስ የማስወረድንም መብት እርሳቸው አልጠየቁም፤ መከላከያው ማስወረድን ያስቀራል ይሉ ነበር። ያን መብት ሌሎች ታግለው በ1973 በፍርድ ቤት አገኙት፤ በ2022 ያው ፍርድ ቤት መልሶ ነሣው።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር እንማር። ዕውቀት በጥቂቶች እጅ ተዘግቶ ሲቀር፣ የተማረ ሰው ወደ ድኻው ደጅ ሊያደርሰው ይገባል። ስለ ገዛ አካል የመወሰን መብት ደግሞ ለአንዷ ተሰጥቶ ደካማ ለተባለችው ሲከለከል፣ መብት መሆኑ ቀርቶ ችሮታ ይሆናል።